ለቪትዟ የተላኩ ሽማግሌዎች

ደገፋ ደግ ሰው ነው። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፤ ከማንም ተጣልቶ አያውቅም፤ ሚስቱንም ይወዳል። አንድ ነገር ብቻ አልተሰጠውም፤ መወሰን። ዕድሜ ልኩን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ ከመሥሪያ ቤቱ ይዞ የመጣው አንድ የግድግዳ ሰዓትና አንድ አመል ነው። ሰዓቱ ሳይውል ሳያድር ቆመ። አመሉ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። ቤቱ ቀለም ይቀባ ሲባል ተለዋጭ ቀጠሮ፤ ጣሪያው ያፈሳል ሲባል ተለዋጭ ቀጠሮ። ልጃቸው የተወለደ ጊዜ እንኳ ስም ሲያወጣና ሲያወርድ ከርሞ፣ የክትባት ካርድ የምትሞላው ነርስ ስልችት ሲላት፣ ሚስቱ ኮከቤ ናት «ፊራኦል ብለሽ ጻፊ» ብላ የገላገለቻት። ፊራኦል ዛሬ ሐዋሳ ሥራ ይዞ ይኖራል። አባቱ ግን ስሙ ትንሽ ቢታሰብበት ይሻል ነበር ይላል።

ኮከቤ ይህን ሁሉ እየሳቀች ኖራበታለች። ሳቁ የቆመው በግራ ጉልበቷ ምክንያት ነው።

ኮከቤ አብነት ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ መጋረጃ ትሰፋለች። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም የእኔን መጋረጃ ያልሰቀለ ቤት የለም ስትል ታጋንናለች፤ ግን ብዙ አታጋንንም። የመጋረጃ ሥራ ደግሞ መኪና ላይ ተቀምጦ መስፋት ብቻ አይደለም። ደንበኛ ቤት ሄዶ መስኮት መለካት አለ፤ ተሰፍቶ ሲያልቅ ያን ሁሉ ጨርቅ ተሸክሞ ሄዶ መስቀል አለ። ጉልበቷ መክዳት ከጀመረ ወዲህ ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም አቃታት። ቆማ ተራዋ ቢደርስ እንኳ ሚኒባሱ ላይ ለመውጣት እግሯን ስታነሳ ረዳቱ «ቶሎ በይ እንጂ እናት» ይላታል፤ ከኋላ ያለውም ይገፋታል፤ ጨርቁም አስፋልት ይስማል። ራይድ እየጠራች እንዳትሄድ፣ የምትለካው መስኮት ሁሉ ሥራ ይሆናል ማለት አይደለም። ትርፏ መንገድ ላይ ይቀራል።

የሱቁ ባለቤት ሐምሌ ሲገባ ውል እንደሚያድስ ነግሯት፣ ትቀጥል እንደሆነ ወይም ትለቅ እንደሆነ ቁርጡን እንድታሳውቀው ጠይቋታል። ይኸው ግንቦት እያለቀ ነው፤ እሷ ግን መልስ የላትም። ሱቁን ከለቀቀች ቤት ውላ ምን እንደምትሠራ ታውቀዋለች፤ ከደገፋ ፊት ለፊት ተቀምጣ ያንን የቆመ ሰዓት ማየት ነው።

ስለዚህ መኪና እንግዛ አለች። ደገፋም አልተቃወመም። ደገፋ ተቃውሞ አያውቅም። ለመኪና ብለው ለዓመታት ያስቀመጡት ነገር አለ፤ የቀረው መምረጥ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። መጀመሪያ ያዩትን ቀይ ዲኤክስ አርጅቷል ብሎ ተወው። ሁለተኛውን ደግሞ «እንዲህ የጸዳ መኪና የሚደብቀው ነገር አለው» ብሎ ተወው። ሦስተኛው ባለመኪና በጠሩለት ዋጋ ቶሎ ስለተስማማ ደገፋን ፍርሃት ያዘው። ኮከቤ ስትነጫነጭ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላታል። እሷም አንድ ቀን አልቻለችም፤ ይህ እንቁላል እስከዛሬ መንጃ ፈቃድ ባወጣ ነበር ብላ መለሰችለት።

የመንጃ ፈቃድ ነገር ከተነሣ፣ ደገፋ አለው። በወጣትነቱ ያወጣው ነው። ጊዜው በደረሰ ቁጥር ተሰልፎ ያሳድሰዋል፤ መሪ ከጨበጠ ግን ስንት ዘመኑ። መኪና ከተገዛ የሚነዳው እሱ እንደሆነ ሁለቱም እንደ ደንብ ይዘውታል፤ እሱ ለመንዳት፣ እሷ ለመነዳት።

ቢያንስ ደገፋ እንደዚያ ይመስለዋል። ኮከቤ ግን ካለፈው ክረምት ማግሥት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ለጉልበቴ ጸበል ልሂድ እያለች ነጠላዋን ተከናንባ ትወጣ ነበር። ውሸት እንዳይሆንባት ልደታ ማርያም ገብታ ጸበሉን ትቀምሳለች። ከዚያ ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከትና በቀጥታ መንጃ ማሠልጠኛ ትሄዳለች። ደገፋ ማታ ማታ «ተሻለሽ ወይ?» ሲላት፣ «ደህና እየያዝኩት ነው» ትለው ነበር። ፍሪሲዮን በረገጠች ቁጥር ግራ ጉልበቷ እንደ ጥርስ ይጠዘጥዛት ነበር፤ ጥርሷን ነክሳ ተማረች፤ አለፈችም። አሠልጣኟ የመጨረሻ ቀን፣ ለዚህ እግርሽ ፍሪሲዮን የሌላት አውቶማቲክ ፈልጊ፤ በቀኝ እግር ብቻ ነው የምትነዳው ብሏት ተሰነባበቱ። ለደገፋ ያልነገረችው ስለምትፈራው አልነበረም። ብትነግረው መንጃ ፈቃዷንም ቀጠሮ እንዳይዝላት ሠግታ ነው። ትንሽም አፍራ ነበር። በዚህ ዕድሜ መሪ ይዛ ሰፈሩ ሲስቅባት ታያትና ፈቃዱን ከመለኪያ ሜትሯ ጋር ጠቅልላ ቦርሳዋ ግርጌ ደበቀችው።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ ነው ሙደሲር ደላላው ሱቋ በር ላይ ቆሞ ያጉረመረመው። ሙደሲር ሲያጉረመርም ጥሩ ዕቃ አግኝቶ ኮሚሽኑን ያጣ ዕለት ነው። ከልደታ ማርያም ጀርባ የሚኖሩ ወይዘሮ ፍረወይኒ የሚባሉ አሮጊት፣ ባላቸው አቶ ገብረሊባኖስ ከሞቱ ወዲህ የቆመች ቪትዝ አለቻቸው። አውቶማቲክ ናት። የወንበሮቿ ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። ወይዘሮዋ ጠዋት ጠዋት ሞተሯን እያስነሡ አጠገቧ ቆመው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ አጥፍተው ሸራዋን ያለብሷታል። ሙደሲር ገዢ ቢያመጣ ቢያመጣ አይወዱም። አንዱን በሩን አላተመ ብለው መለሱት። አንዱ እንደ ደንቡ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ ሲያደርግ ልጄን ማን ረገጣት ብለው አስወጡት። በመጨረሻ ሙደሲርንም አሰናበቱት። ልጅ ስላልወለዱ ባልና ሚስቱ መኪናዋን ልጃችን እያሉ ነበር የሚጠሯት አሉ። እና ሴትዮዋ ምን አሉት፤ «እኔ ልጄን በደላላ አልድርም። የፈለጋት ሽማግሌ ይላክ።»

ሙደሲር ይህን ሲናገር መሬት ሊተፋ ምንም አልቀረው። ኮከቤ ግን ከዚህ ሁሉ የሰማችው አውቶማቲክ የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

ደገፋ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ በራ። ሽማግሌ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ዛሬ ሄዶ ዛሬ መልስ የሚያመጣ ሽማግሌ በአገሩ ታይቶ አይታወቅም። ከዘመድ እንምከር ይባላል፤ ሌላ ቀን ተመለሱ ይባላል፤ ወር ይገፋል። እንዲህ ያለ የመኪና አሻሻጥ ለእሱ የተሠራ መሰለው። ሽማግሌ መርጦ ለመላክ ያን ዕለት ማታ ተነሣ። ባሏ በአንድ ነገር እንዲህ ሲቻኮል ኮከቤ የምታውቀው ይህ ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያው ራሷ የታጨች ጊዜ ነው፤ ያውም ችኮላው ወደ ኋላ ነበር። ደገፋ ወላጆቿ ዘንድ ሽማግሌ ልኮ፣ ሽማግሌዎቹ ታክሲ ተራ ሲደርሱ እየሮጠ መጣና፣ ትንሽ እናስብበት፣ ለዛሬ ይቅር ብሎ ለመናቸው። ከሽማግሌዎቹ ዋናው ጋሽ ጂራታ ነበሩ። ያኔ ጎልማሳ ናቸው። አንገቱን ደፍቶ የቆመውን ሙሽራ ከላይ እስከ ታች አዩትና «ሽማግሌ ከወጣ አይመለስም» ብለውት ታክሲው ውስጥ ገቡ። ኮከቤ ይህን ታሪክ የሰማችው ከተጋቡ በኋላ ነው። እሱ ሲያፍር እሷ ግን ጋሽ ጂራታን ስታገኝ ሁሌ ጉልበታቸውን ልትስም ትደርሳለች።

አሁንም ዋናው ጋሽ ጂራታ ሆኑ። በልደታ ያልዳሩት ጎረምሳ የለም ይባላል። ለሽምግልና ቀን ብቻ የሚይዙት ከዘራ አላቸው፤ በሌላው ቀን ያለ ከዘራ ነው ደረጃ የሚወጡት። ሁለተኛው ኮከቤ ጨርቅ የምትገዛባቸው ሐጂ ነስረዲን ናቸው፤ ሲናገሩ ረጋ ያሉ፣ ዋጋ ላይ ግን የማይነቃነቁ። ሦስተኛው አቶ ጋሻው የሚባሉ ባለጋራዥ ናቸው። እሳቸው የተጨመሩት ሞተር አዋቂ ሽማግሌ ስለተፈለገ ነው። ጋሽ ጂራታ ግን ይህን ሲሰሙ ቅር አላቸው። የሰው ልጅ ልትለምን ሄደህ ጥርስ አትቆጥርም አሉ።

ሦስቱም ተሰብስበው ሴትዮዋን ምን ብለን እናሸንፋት ሲሉ መከሩ። ጋሽ ጂራታ ሙደሲርን አስጠርተው ከጠየቁት በኋላ ነገሩ ገባኝ አሉ። በር የሚያላትመውንና ጎማ የሚረግጠውን ያባረረች እናት የምትፈልገው ምንድነው? የሚንከባከብ ነው። እንክብካቤ ከሆነ ደገፋ አለ። ደገፋ ዕድሜውን በሙሉ ያንቀሳቀሰው ነገር የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄዱ። በደንቡ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ነገር ግን ደገፋ ብቻዬን ቤት መቀመጥ አልችልም አለ፤ ኮከቤም እሱን ብቻውን አልተውም አለች። ስለዚህ ሁለቱ ግቢው ውስጥ፣ ከሳሎኑ መስኮት ሥር፣ ሸራ ከለበሰችው መኪና አጠገብ ቀሩ። አቶ ጋሻው ወደ ቤት ከመግባታቸው በፊት ጫማቸውን የሚያስሩ መስለው አጎንብሰው የመኪናዋን ሆድ አዩ፤ ሸራውንም ገለጥ አድርገው ኮፈኗ ሥር አፍንጫቸውን አስገቡ። ቀና ሲሉ ለኮከቤ በዓይናቸው ደህና ናት አሏት። ጋሽ ጂራታ ተቆጥተው በከዘራቸው ነካ አደረጓቸው።

መስኮቱ ክፍት ስለነበረ ከውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማል። ወይዘሮ ፍረወይኒ እንግዶቹን ተቀመጡ አሏቸው። ጋሽ ጂራታ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ። የት እንደሚቆሙ፣ መቼ እንደሚያስሉ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን መጣን አሉ። ወይዘሮዋም ሳይስቁ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚኖር ጠየቁ። እንደ ወጉ ሁሉም በደንብ ተመለሰ። ኮከቤ እየሰማች ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅም ጭንቅም አንድ ላይ መጡባት።

ከዚያ ጋሽ ጂራታ ወደ ሙገሳው ገቡ።

«ደገፋ ማለት ጉንዳን ሲያልፍ ቆሞ የሚያሳልፍ ሰው ነው» አሉ። «ልጅዎን እንደ እንቁላል ነው የሚይዛት። ዝናብ አይነካት፣ ፀሐይ አይነካት። ሸራዋን እንኳ ቶሎ አይገልጥም። እውነቱን ልንገርዎትና ከበር የምትወጣው ለበዓል ነው።»

ሐጂ ነስረዲን ለበዓልም ቢሆን አስቦበት ነው አሉ። አቶ ጋሻው፣ እንደ ደገፋ አያያዝ ከሆነ እኔ ጋራዥ ደጃፍ አትደርስም፤ እኔም በእሷ እንጀራ አልበላም ብለው ጨመሩበት።

ደገፋ ከመስኮቱ ሥር አንገቱን ይነቀንቃል። እንዲህ በሚገባ ተገልጦ አያውቅም። ኮከቤ ግን ቀዝቀዝ አላት። እነዚህ ሰዎች የሚናገሩት ሁሉ እውነት ነው። መኪናዋ ከዚህ ሸራ ሥር ወጥታ እነሱ በር ላይ ሌላ ሸራ ሥር ትገባለች፤ እሷም ነገ ጨርቋን ተሸክማ በመኪናዋ አጠገብ አልፋ ታክሲ ሰልፍ ትይዛለች። ይህ እስከ ዛሬ እንዴት እንዳልታያት ገረማት።

ከዚያ የወይዘሮ ፍረወይኒ ድምፅ መጣ።

«እንግዲያው አልሰጥም።»

ጋሽ ጂራታ ማሳል ጀመሩ። ሴትዮዋ ግን አልጨረሱም። ለመቆም ለመቆም እዚህስ ግቢ ምን አጣች አሉ። በር ያላተመውንም፣ ጎማ የረገጠውንም በዚያ ምክንያት አልነበረም የመለሷቸው፤ ምላሳቸው ስለታም ሆነና ሰው የያዘው ያንን ነው። አንደኛው ሸራ አልብሶ አስቀምጦ ዋጋ ሲወጣ ሊሸጣት ነው። ሌላኛው ለትንሿ ልጁ፣ እስክታድግ ሊያቆያት ነው። መኪና የሚያረጀው ሲሄድ አይደለም ሲቆም ነው ይል ነበር ባሌ አሉ። እሷን እንደ ቆመች ማየት እኔን ገደለኝ እንጂ ምን ተረፈኝ አሉ። መጨረሻ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ተነሡ። ሽማግሌ አንዴ እምቢ ተብሎ አይቀርም፣ ሌላ ቀን እንመለሳለን ሲሉ ወንበሩ ተንኳኳ። ደገፋ የኮከቤን ትከሻ ዳበስ አደረገ። ያዘነ መምሰል ቢፈልግም ፊቱ ላይ ያረፈው እፎይታ ነበር።

«ደግ ነው» አላት ቀስ ብሎ። «እስቲ ለመስከረም ደግሞ…»

ኮከቤ መስከረም የሚለውን ስትሰማ ሐምሌ ታያት። የሱቁ በር ሲዘጋ፣ የልብስ ስፌት መኪናዋ በጋሪ ተጭና ወደ ቤት ስትሄድ ታያት። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ቦርሳዋን ይዛ የቤቱን ደረጃ በቀኝ እግሯ እየቀደመች፣ ግራውን እየጎተተች ወጣች።

ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ስትመጣባቸው ደነገጡ። ሙሽራው እንኳ የማይገባበት ቦታ የሙሽራው ሚስት ገባች። ጋሽ ጂራታ ከዘራቸውን አንሥተው መንገድ ሊዘጉ ቃጣቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ ጂራታ» አለች። «የለመናችሁት ለተሳሳተ ሙሽራ ነው።»

ከዚያ ወደ ወይዘሮ ፍረወይኒ ዞረች። ሴትዮዋ ቀጭን፣ ጸጉራቸውን በጥቁር ሻሽ የጠቀለሉ፣ ዓይናቸው ነቃ ያለ ናቸው።

«የምነዳት እኔ ነኝ፣ እትዬ ፍረወይኒ። ደገፋ አይደለም። እኔ አላቆማትም፤ ማቆም አልችልም። አብነት መጋረጃ እሰፋለሁ። ሰንጋ ተራ፣ ጦር ኃይሎች፣ ደንበኛ በጠራኝ ቦታ ሁሉ ጨርቅ ጭኜባት እሄዳለሁ። ትቆሽሻለች። ዝናብም ይመታታል። እንደ እንቁላል አልይዛትም፤ እውነቱ ይሄ ነው። ያለ እሷ ግን ሱቄን መዝጋቴ ነው።»

ሴትዮዋ መንጃ ፈቃድ እንዳላት ጠየቋት። ኮከቤ ቦርሳዋን ከፈተች፤ መለኪያ ሜትሯን ተረተረችና ከመካከሉ ፈቃዱን አውጥታ ሰጠቻቸው። ወይዘሮ ፍረወይኒ መነጽራቸውን ሳያደርጉ ፎቶውንና እሷን አስተያዩ። ከዚያ እግሯ ላይ ዓይናቸው አረፈ።

«ስትገቢ ታነክሺ ነበር። የትኛው ነው?»

«ግራው ጉልበቴ ነው። ለዚህ ነው ፍሪሲዮን የሌላት የፈለግሁት።»

ወይዘሮ ፍረወይኒ ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «የእሱም ግራው ነበር» አሉ።

ከዚያ ነገሯት። አቶ ገብረሊባኖስን ደም ግፊት ጥሏቸው ሲነሡ ግራ እግራቸው አልታዘዝ አለ። የቀድሞ መኪናቸውን ሸጠው ይህችን ገዙ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ቤት ውለው አያውቁም። ዳቦ ለመግዛት እንኳ በእሷ ነው። ሚስታቸውን እሁድ እሁድ ደብረ ዘይት ድረስ ይዘዋቸው ይሄዱ ነበር። ዶክተሩ እረፍ ሲላቸው፣ እግሬ ውጭ ቆማ እየጠበቀችኝ እንዴት አርፋለሁ ይሉ ነበር። ወይዘሮዋ ይህን ሲናገሩ እየሳቁ ነው፤ እንባቸውም ይወርዳል። ኮከቤም አብራቸው አለቀሰች። ሐጂ ነስረዲን መሀረብ ፍለጋ ኪሳቸውን ዳበሱ።

«ባለቤትሽስ ምን ይላል?» አሉ ወይዘሮ ፍረወይኒ።

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ደገፋ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። መቼ እንደመጣ ማንም አላየም። ዓይኑ ፈቃዱ ላይ ነው።

«ጸበሉ ይሄ ነበር?» አላት።

«ጸበሉንም ቀምሻለሁ» አለች ኮከቤ። «ልዋሽህ አልፈለግሁም። ቀጠሮ እንዳትይዝልኝ ብዬ ነው።»

ደገፋ አንገቱን ደፋ። ኮከቤ ከዚህ በፊት አይታው የማታውቀው ፊት ነው። እሱ ቀጠሮ በያዘ ቁጥር ሌላ ሰው ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ ያውም በዚያ ጉልበት ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ያን ሰዓት ይመስላል። አሳዘናት። ሄዳ ልታቅፈው ፈለገች፤ ሽማግሌ ፊት ነውር ነውና ተወችው።

ጋሽ ጂራታ ነገሩን ወደ ወጉ ሊመልሱት አሰቡ። እንግዲህ ይህ አዲስ ነገር ነው አሉ፤ የሙሽራ ለውጥ አለበት፤ ለዛሬ እንነሣና ደገፋም ይምከርበት፣ ሌላ ቀን እንመለሳለን። ደገፋን የሚያውቅ ሁሉ አሁን ምን እንደሚል ያውቃል። አቶ ጋሻው ጃኬታቸውን መቆለፍ ጀምረው ነበር።

ደገፋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሽማግሌ ከወጣ አይመለስም» አለ።

ጋሽ ጂራታ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ያ ታክሲ ተራ ትዝ አላቸው መሰለኝ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ቀሪው ቶሎ አለቀ። ዋጋው በሙደሲር በኩል ቀድሞ የታወቀ ነው፤ ሐጂ ነስረዲን ጥሎሽ እያሉ ትንሽ ሊያስቀንሱ ሞከሩ፤ ወይዘሮዋ የልጅ ጥሎሽ አይቀነስም ብለው ዘጓቸው። ሙደሲርም ወሬውን ስላመጣ እንዳይረሳ ተባለ። ወረቀቱ ሰኞ ሊፈጸም፣ መኪናዋም በሳምንቱ ለመልስ ልትመጣ ተስማሙ። እናት ልጇን ድራ መልስ ሳትጠራ አትቀርም አሉ ወይዘሮ ፍረወይኒ።

«ከዚያ በፊት ግን አንድ ዙር ውሰጂኝ» አሏት ኮከቤን። «እሱ ከሞተ ሄጄባት አላውቅም።»

ደገፋ ሸራውን ገፈፈ። መኪናዋ ትንሽ ናት፤ ሰማያዊ፤ ከልኳ በላይ የምታበራ። ሽማግሌዎቹ ልጃችንን ሳናይ አንሄድም ብለው ከኋላ ታጨቁ፤ ላስቲኩ ሥራቸው ተንጫጫ። ወይዘሮ ፍረወይኒ ከፊት ተቀመጡ። ለደገፋ ቦታ አልተረፈም፤ ሄዶ የግቢውን በር ከፈተ።

ኮከቤ መሪውን ይዛ እግሮቿን ስታስተካክል ግራ እግሯ ሥራ አጥቶ የሚያርፍበት ቦታ ፈለገ። ምንጣፉ ላይ፣ ከፍሬኑ ወደ ግራ፣ የሰው ተረከዝ ያበጀው ጎድጓዳ አለ። ተረከዟ እዚያ ገብቶ ልክ ተቀመጠ። ወይዘሮ ፍረወይኒ ዝቅ ብለው አዩና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሲነሡ መኪናዋ አንዴ ዘለል አለች። ከኋላ ጋሽ ጂራታ አማተቡ፣ ሐጂ ነስረዲን ቢስሚላህ አሉ፣ አቶ ጋሻው የበሩን እጀታ ያዙ። ከዚያ ተስተካከለች። በልደታ ማርያም በር አለፉ፤ በባቡሩ ድልድይ ሥር ወደ አብነት ወረዱ። አንድ ሚኒባስ ከኋላቸው ክላክሱን ለቀቀው፤ ኮከቤ ቦታ ሰጠችው፤ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ የሆነ ነገር ተናግሯት አለፈ።

«እሱ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይሳደብ ነበር» አሉ ወይዘሮ ፍረወይኒ።

«እኔም ልሳደብ?»

«ገና ነሽ። ቀስ ብለሽ ትደርሺበታለሽ።»

በሱቋ በር ሲያልፉ ኮከቤ ቀና ብላ አየችው። ተዘግቷል፤ ቅዳሜ ነው። ውስጥ የሰንጋ ተራዋ ደንበኛ መጋረጃ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ የሚያደርሰው አጥቶ ተቀምጧል። ይህን ለወይዘሮዋ ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ሰዓታቸውን አዩና ገና ብርሃን አለ አሉ፤ እኛን አውርጂና መጋረጃሽን አድርሺ፤ ማታ መኪናዋን ትመልሺልኛለሽ።

ግቢው በር ሲደርሱ ደገፋ ትተውት እንደሄዱ ቆሟል። ሸራውን በደንብ አጣጥፎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። ሽማግሌዎቹ እየተንጠራሩ ወረዱ፤ ወይዘሮ ፍረወይኒም ወረዱና ሸራውን ከእቅፉ ተቀበሉት። ኮከቤ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ትገባለህ» አለችው «ወይስ ቀጠሮ እንያዝልህ?»

ወዴት ነው ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ዞሮ መጥቶ ከጎኗ ገባ። በሩን ግን ቀስ አድርጎ ዘጋው።